«ክኒኑን ጣሉት» ላሉን ሰው፣ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ ምላሽ

ባለፈው እሑድ አክስቴ ከመሐል ሜዳ ደወሉልኝ። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ «ልጄ፣ ያ በስልክ የሚዞረውን ነገር አይተኸዋል? ክኒኑን ልተወው ወይ?» አሉኝ። እትዬ ስኳር ካለባቸው 11 ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ያነበበችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ጽሑፉን አውቀዋለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ሰው ልኮልኛል። ስኳር እንዳለብኝ የሚያውቅ ሁሉ «ይጠቅምሃል» ብሎ ይልክልኛል፣ በቅንነት። ጸሐፊውም በቅንነት እንደጻፉት አምናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንብቤ አልፌው ነበር። እትዬ «ልተወው ወይ?» ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። ስኳር በሽታ የከተማና የፋብሪካ ምግብ ያመጣው ነው፤ አያቶቻችን ማር እየበሉ ጠላ እየጠጡ አያውቁትም ነበር ይላል። ስለዚህ ነጩን ስኳር በማር፣ ስንዴውን በጤፍና በገብስ መተካት ይበቃል። ክኒኑ ኩላሊት ያበላሻል። ኢንሱሊን፣ የስኳር መርፌው፣ አንዴ ከተጀመረ የማይለቅ ሱስ ነው፤ ደግሞም ፍሪጅ ለሌለው ገበሬ አይሆንም። በምትኩ አብሽና ሽፈራው ለ21 ቀን በባዶ ሆድ ጠጡ፣ ጹሙ፣ ሰውነታችሁን አዳምጡ። ጥማቱና የሽንቱ ብዛት ከቆመ ድናችኋል፤ ክኒኑን ጣሉት። ጽሑፉ ይህ ነው፤ የጨመርኩበት የለም።

ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር፣ ባብዛኛው በአዋቂነት የሚመጣው፣ ካለብኝ 9 ዓመት አልፎኛል። የምጽፈው ካነበብኩትና በገዛ ጣቴ ደም ለክቼ ካየሁት ነው።

ልክ ያሉት ነገር አለና ከዚያ ልጀምር። ለስላሳን በተመለከተ የጻፉት አንድም ስህተት የለበትም። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር 8 ገደማ ነው። ሻዩ ውስጥ 8 ማንኪያ የሚጨምር ሰው ብናይ እንደነግጣለን፤ ሠርግ ቤት ግን ሁለት ሦስት ጠርሙስ ጠጥተን እንወጣለን፣ ማንም ምንም አይለንም። እንቅስቃሴያችን ቀንሷል ያሉትም እውነት ነው። ከጠባሴ መሀል ከተማ ድረስ እኛ በልጅነታችን በእግር ነበር የምንሄደው፤ ዛሬ ለሁለት ፌርማታም ባጃጅ እንጠራለን። እንዲያውም ለሐሳባቸው የሚሆን ማስረጃ ልጨምርላቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ግን ገና በሽታው ላይ ያልደረሱ ከ3,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ። አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ ትንሽ ክብደት ቀንሰው፣ በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የተለመደውን የስኳር ክኒን ብቻ የወሰዱት በ31 በመቶ። ለመከላከል ሲሆን ምግብና እግር ከክኒን በልጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ እኔና ጸሐፊው በምግብ ጉዳይ ጠበኞች አይደለንም። የምንለያየው «ጣሉት» የሚለው ቃል ላይ ነው።

አሁን ወደ አያቶቻችን እንሂድ። የእኔ አያት ከደብረ ሲና ጣርማ በር ሽቅብ አህያ እየነዱ ገበያ የሚመላለሱ ሰው ነበሩ። ያን ዳገት በመኪና የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ራሱ ያቃስታል። ማር ያገኙት ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ቀፎው ሲቆረጥና በዓል ሲመጣ። ሰውየው ማር ስለበሉ ጤነኛ ሆኑ ማለት አይቻልም፤ ያን ዳገት በየሳምንቱ የወጣ ጡንቻ የበላውን ስኳር ከደሙ እየሳበ ያቃጥለዋል። እኛ ማሩን ወስደን ዳገቱን ከተውነው የአያቶቻችንን ኑሮ አልደገምንም።

ደግሞስ «አያውቁትም ነበር» የሚለውን በምን አረጋገጥን? መለኪያ አልነበረም። በአገራችን ሰው ውኃ ውኃ እያለ፣ እየከሳ፣ እየጠወለገ ሲሄድ «ቡዳ በላው» ወይም «ዓይነ ጥላ ነው» ተብሎ ይቀበራል። ስም አለመስጠት በሽታው አልነበረም ማለት አይደለም። የሕንድ ሐኪሞች ፋብሪካ ባልነበረበት ዘመን፣ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሽንቱ ጉንዳን የሚስብ በሽተኛ አይተው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለውታል። «የከተማ በሽታ ነው» የሚለውንም የእኛው አገር ይቃወመዋል። በጎንደር ዙሪያ ያሉ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ ድሆች፣ ቀጫጭን፣ ለስላሳ የማያውቁ ግን ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙ መሆናቸውን ከጻፉ ቆይተዋል። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ይህን መልክ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ለእንዲህ ዓይነቱ የመንዝ ገበሬ «ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው» ብንለው ምርመራውን ራሱ ይተዋል። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም» የሚለውም እንደዚያው ነው።

ማርን አንድ ጊዜ ለክቼዋለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ 112 ነበርኩ (ሚሊግራም በዴሲሊተር፤ እዚህ የምጠራቸው ቁጥሮች ሁሉ በዚሁ ናቸው)። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ማር፣ ከዘመድ ቤት የመጣ፣ በለብ ያለ ውኃ ጠጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ 178 ሆነ። አልገረመኝም፣ ምክንያቱም ከማር 100 ግራም ውስጥ 80ው ስኳር ነው፤ የቀረው ባብዛኛው ውኃ። ንብ ሠራችው ፋብሪካ ሠራው ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ደም የሚያየው ያንኑ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። ማር መልካም ምግብ ነው። ስኳር ላለበት ሰው ግን ስኳር ነው።

ጤፍም ላይ እንዲሁ። ጤፍ ፋይበር አለው፣ ብረት አለው፣ ከፉርኖ ዱቄት ይሻላል፤ እስማማለሁ። ገብስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ውስጡ ያለው ዝልግልግ ፋይበር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። መንዝ በዚህ ታድሏል። ግን «ጤፍ ነውና እንደፈለጋችሁ ብሉ» የሚለው ምክር እኔን ራሴን ሁለት ዓመት አሳስቶኛል። አንድ ቀን ሦስት እንጀራ በሽሮ በልቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካሁ፤ 231። ሌላ ቀን አንድ እንጀራ ብቻ፣ ግን ምስሩንና ጎመኑን በዛ አድርጌ፤ 158። ጤፉ ያው ነው፣ ምጣዱም ያው። የተለወጠው ልኩና አብሮ የተበላው ነገር ነው። ለባለቤቴ ይህን ሳሳያት ከዚያ ቀን ጀምራ ወጡን መሀል ላይ ሳይሆን ሳህኑን ግማሽ እስኪሞላ ታወጣልኛለች፣ እንጀራውን ደግሞ ለብቻው በትንሹ። በሶም ቢሆን ብዙዎቻችን የምንበጠብጠው በስኳር ወይም በማር ነው፤ እንዲያ ከሆነ የገብሱ ጥቅም እዚያው ያልቃል። በጨውና በሚጥሚጣ ሞክሩት።

ወደ ክኒኑ ስመጣ ልቤ ይከብዳል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ። «ክኒኑ ኩላሊት ያበላሻል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ዝም ብሎ አልተፈጠረም። ሰዎች የሚያዩት ነገር አለ። ጎረቤት ለ15 ዓመት ክኒን ይወስዳል፣ ከዚያ ኩላሊቱ ይደክማል፣ ሐኪሙም ሜትፎርሚኑን ይቀንስለታል ወይም ያስቆመዋል። የሚያይ ሰው «አያችሁ፣ ክኒኑ ነው የጎዳው፣ ሐኪሙም ስላወቀ አስቆመው» ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ መጠኑ ይቀነሳል፣ ኩላሊቱ በጣም ከደከመም ይቆማል። ኩላሊቱን ያደከመው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ስኳር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከደም ግፊት ጋር ተባብሮ።

ይህ በሐሳብ ብቻ የተባለ አይደለም፣ ተሞክሯል። በአሜሪካና በካናዳ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን፣ ማለትም ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለዓመታት ተከታተሏቸው። አንዱ ቡድን ኢንሱሊኑን በቀን ብዙ ጊዜ እየወሰደ ስኳሩን ወደ ጤነኛ ሰው ልክ አስጠጋ፤ ሌላው በተለመደው መንገድ ቀጠለ። ጎጂው ስኳሩ ሳይሆን ሕክምናው ቢሆን ኖሮ የበለጠ መጎዳት የነበረበት አጥብቆ የታከመው ቡድን ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ግን አጥብቀው ከታከሙት ላይ የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድል በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የኩላሊት ጉዳት ምልክትም ቀነሰ፣ የነርቭም። ለጸሐፊው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ኩላሊት የሚያበላሸው ስኳሩ ሳይሆን ሕክምናው ከሆነ፣ አጥብቀው ታክመው ስኳራቸውን ዝቅ ያደረጉት ሰዎች ኩላሊት እንዴት ተረፈ?

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ጽሑፉ ቅጠልን ከክኒን ጋር ያጣላቸዋል። ሜትፎርሚን ራሱ የቅጠል ልጅ ነው። ጋሌጋ ከተባለና በአውሮፓ ለባሕል መድኃኒት ከሚያገለግል ተክል ውስጥ በተገኘ ንጥረ ነገር መነሻነት ነው የተሠራው። ዣን ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 እ.ኤ.አ. ለስኳር ሕሙማን መስጠቱን ይፋ አደረገ። ተክሉ በቀጥታ ሲወሰድ መርዛማ ነበር። ሰዎች ያደረጉት ጠቃሚውን ፈልጎ፣ ጎጂውን አስወግዶ፣ ልኩን መስፈር ነው። የባሕል ዕውቀትን ማክበር ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ክኒኑ እንከን የለበትም አልልም። እኔን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሆዴን አገላብጦኛል፤ ከምግብ ጋር መውሰድ ስጀምር ቆመ። ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ እጅና እግሩን የሚያደነዝዘው ሰው ይህንንም ለሐኪሙ ይጠይቅ። መድኃኒት አንዳንዴ ከመደርደሪያ ይጠፋል፣ የመለኪያው እስትሪፕ ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ጸሐፊው ስለዚህ ቢጮሁ ከጎናቸው እቆም ነበር። የጤና መድን ያልገባ ዘመድ ያላችሁ የመመዝገቢያው ወቅት እንዳያልፈው ንገሩት።

ኢንሱሊን ሱስ ነው የሚለውን ግን በእርጋታ ማለፍ ያቅተኛል። የጤነኛ ሰው ቆሽት ኢንሱሊን ቀንም ሌሊትም ያመነጫል። ሁላችንም ያለሱ አንኖርም። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ቆሽቱ ማመንጨት ስላቆመ ከውጭ ይሰጠዋል፣ ያ ብቻ ነው። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የእነዚህ ልጆች ሕክምና ረሃብ ነበር፤ ምግብ እየከለከሉ ሞታቸውን በጥቂት ወራት ማዘግየት። ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ ቶሮንቶ ሆስፒታል ሲገባ 30 ኪሎ እንኳ የማይሞላ አጥንትና ቆዳ ነበር። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

እኔ ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። እናቱ ከአንድ ሰው «መርፌው ይለምድበታል» የሚል ሰምታ አቆመችበት። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ ደፍቶ አገኘሁት። ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ ቤታቸው ስደርስ ሲያስመልሰው አድሯል፣ ሆዴን ይላል፣ ከሩቅ የሮጠ ሰው ይመስል በረጅሙ ይተነፍሳል። አፉ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። ያን ሽታ እስካሁን አልረሳውም። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብ ያነድዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ነው ደሙን የሚመርዘውና አፉን የሚያሸተው። ልጁ ተርፏል። ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ ስናስገባው ግን እናቱ የምታለቅሰው ለቅሶ ሌላ ነበር። ክፉ እናት አይደለችም። የሰማችው ቃል ነው የጎዳት። «ጣሉት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢው ዓይነት 1 ይሁን ዓይነት 2 አያውቅም፤ ጽሑፉም አንድ ቦታ ላይ እንኳ አልለያቸውም። ትልቁ ጥፋቱ ይህ ነው እላለሁ።

ፍሪጅ ለሌለው ገበሬ አይሆንም የሚለው ከሁሉ የተሻለ ጥያቄያቸው ነው፣ መልስም አለው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የተከፈተውና በጥቅም ላይ ያለው ግን ፀሐይና እሳት ካልነካው ቤት ውስጥ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ያልተከፈተውን ጤና ጣቢያ ወይም ፍሪጅ ያለው ዘመድ ጋ ማስቀመጥ፣ አንዷን ብልቃጥ ብቻ ቤት መያዝ ይቻላል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላይ ጠላቱ ሙቀት ነው። እዚያ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብቶ መሀሉን በአሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውኃ ማጠጣት፣ ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ ከውስጠኛው ማስቀመጥና በእርጥብ ጨርቅ መክደን ነው። ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። መንዝና ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ጠላቱ ውርጭ ነው፣ ይህን የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ በኋላ ቢሟሟም ዋጋ የለውም፣ ይጣላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ሥር ወይም ቆርቆሮው አጠገብ አትተዉት።

አብሽና ሽፈራው ላይ ብዙ አልከራከርም። አብሽ ዝልግልግ ፋይበር አለው፤ ትንንሽ ጥናቶችም ስኳርን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። እኔም አልፎ አልፎ እጠጣለሁ። ግን 21 ቀን የሚለው ቁጥር አይገባኝም። ሐኪሞች የሚያዙት የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ ሦስት ወር የሆነው ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖርና በዚያ ጊዜ ውስጥ የተለጠፈበትን ስኳር ስለሚያሳይ ነው። በ21 ቀን «ድኛለሁ» የሚል ሰው ያየው አንድ ጠዋት የተለካውን ቁጥር ነው። ደግሞ አብሹን ከመርፌው ወይም ከአንዳንድ ክኒን ጋር ሲደርቡት ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ለሐኪሙ አይደበቅ። ጸበልም ላይ እንዲሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለስኳር ሲሆን የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር፣ ለጸሐፊው የሚሆን ነው። «ስኳር አይለቅም» እያልን የኖርነው ለሁለተኛው ዓይነት ሙሉ እውነት አይደለም። በብሪታንያ የተሠራና በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሽታው ከተገኘባቸው 6 ዓመት ያላለፋቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ወፍራም ሰዎችን ለወራት በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየመገበ ክብደታቸውን ቀነሰ። በዓመቱ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆነ፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የቀነሱት ዘንድ ከ10 ሰው ከ8 በላይ። ጉበትና ቆሽት ላይ የተጠራቀመው ስብ ሲለቅ ቆሽት ይተነፍሳል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፣ ሐኪሞችም ለሕሙማን ሊነግሩት ይገባል። ነገር ግን ክኒኑን ያቆሙላቸው ሐኪሞች ነበሩ፣ እየለኩ። በሁለተኛው ዓመት ያ 46 በመቶ ወደ 36 ወርዷል፤ ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል። ከመጀመሪያውም ቀጭን ለሆነ ወይም ዓይነት 1 ላለበት ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።

ጾምን በተመለከተ የሁዳዴ ማዕድ፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ለስኳር ሰው የተባረከ ምግብ ነው። ሰዓቱን ማዘግየቱ ላይ ግን እናቴን ላጣት ነበር። ዳኦኒል የሚባለውን ክኒን፣ ግሊቤንክላሚድን፣ ጠዋት ውጣ እስከ 9 ሰዓት ልትጾም ቅዳሴ ሄደች። ይህ ክኒን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ምግብ መጣ አልመጣ አይጠይቅም። ቤት ስትመለስ ላብ በላብ ሆና፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ እኔን በሟቹ ወንድሟ ስም ትጠራኝ ጀመር። ጎረቤት «ይዟት ነው፣ ጸበል አምጡ» አለ። እህቴ ለካቻት፤ 48። ከ70 በታች አደጋ ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን አጠጣናት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስሜን ጠራችው። (ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፣ ያንቀዋል፤ ወደ ሕክምና ይሮጣል።) የንስሐ አባቷ ሲሰሙ ተቆጧት፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ እንደሚያዝን ነገሯት። በረመዳንም ቁርኣን ሕመምተኛን ከጾም ያሳርፋል። መጾም የሚፈልግ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የክኒኑ ዓይነትና ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ «ሰውነታችሁን አዳምጡ» የሚለው ነው። ጥሩ ምክር ይመስላል። ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት መልቀቅ የሚጀምረው በደም ውስጥ ያለው 180 ገደማ ሲያልፍ ነው። ሽንት የሚበዛውና ውኃ የሚያስጠማው ከዚያ በኋላ ነው። በባዶ ሆድ 126 የደረሰ ሰው ደግሞ በበሽታው ልክ ውስጥ ገብቷል፤ ጤነኛው ከ100 በታች ነው። በ126 እና በ180 መካከል ያለ ሰው አይጠማውም፣ ሽንቱ አይበዛም፣ ሰውነቱን ቢያዳምጥ ምንም አይሰማም፤ የዓይኑና የእግሩ ደም ሥር ግን እየተጎዳ ነው። እዚህ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጋሼ «እኔ ደህና ነኝ፣ ስሜቱ ጠፍቷል» ብለው ክትትል ትተው ነበር። የጠፋው የእግራቸው ስሜት ነበር። በጥቅምት ብርድ ማታ እግራቸውን ከሰሉ ላይ ዘርግተው ሲሞቁ ካልሲው ሲሸት የነቃችው ልጃቸው ናት። እሳቸው ወሬያቸውን አላቋረጡም ነበር። ሁለት ጣት ሄደ። ብርድ አገር የምትኖሩ የስኳር ሕሙማን፣ እግራችሁን እሳት ዳር አትዘርጉ፤ ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን እዩት፤ ካልታያችሁ ልጅ ይይላችሁ።

ለእትዬ ያን ቀን ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። «ክኒኑን አይተዉት፣ ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ» ብቻ ነበር ያልኳቸው። ሰኞ ከሰዓት ራሳቸው ደወሉ። 187 ነው አሉኝ። ክኒኑን ለካ ከደወሉልኝ በፊት አራት ቀን አቁመውት ኖሯል፤ ስንነጋገር አልነገሩኝም። «ውኃ አልጠማኝ፣ ድኛለሁ ብዬ እኮ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ «አብሹንስ ልተወው?» አሉኝ። «አይተዉት እትዬ፣ ለነርሷ ብቻ ይንገሯት» አልኳቸው። ነግረዋታል። አሁን የክኒኑን ብልቃጥ ከአብሹ ጣሳ ጎን አስቀምጠውታል፣ አንዱን ሲያዩ ሌላው እንዳይረሳቸው።